አፉ በየት በኩል ነው?

ከወር በፊት ያረፉት አጎቴ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። በጅቡቲ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ለምርምሬ ቀንድ አውጣ ስሰበስብ፣ የመኪናቸውን ቁልፍ እንደያዙ አጠገቤ ይቆሙ ነበር። የምሰበስበው ዓሣ እያደነ የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከአፉ በሚያወጣው ስለታም ጥርስ ሰውን ቢወጋ መርዙ ማርከሻ የለውም። ስለዚህ መቆንጠጫዬን በዘረጋሁ ቁጥር ይጠይቁኛል፦

«አፉ በየት በኩል ነው?»

«በጠባቡ ጫፍ። ጋሼ፣ እኔ እኮ የተማርኩት ይህንኑ ነው!»

«ዲግሪሽ ጓንት አይሆንሽም። መጀመሪያ ንገሪኝ፣ ከዚያ ታነሺዋለሽ።»

ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወረድኩ። አንዱን ከአሸዋው ውስጥ አገኘሁት። መቆንጠጫውን ዘርግቼ ቆም አልኩ፤ ቢወጋኝ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰኝ አልነበረም። ጥያቄውን ጠበቅሁ።

«በጠባቡ ጫፍ» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ባልዲዬንም ባዶውን ይዤ ተመለስኩ።