ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር

ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ አምስት ሰው ጠይቃችሁ አምስት ከተማ ተነግሯችሁ ያውቃል? እኔ ደርሶብኛል፤ ያውም ሲያትል ውስጥ፣ ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ በተከራየነው አዳራሽ።

የአባቴ አገር ልጆች ማኅበር ስለ ከተማዋ ታሪክ፣ መልክዓ ምድርና ሕዝብ መጽሔት ሊያሳትም ተነሣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻቸውን አማርኛ ስለማስተምር ጽሑፉ ለእኔ ተሰጠ። ከተማዋን አላውቃትም፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁት። ስለዚህ በሥርዓት ልሥራው ብዬ ለአምስቱ የኮሚቴ አባላት ባዶ ወረቀት አደልኩና እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ካርታ እንዲስሉልኝ ጠየቅኋቸው። "ካርታ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አቅጣጫ፣ ልኬትና እውነት" አልኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማስተማር ይቻላል።

አምስቱም የአባታቸውን ቤት መሀል ላይ አስቀመጡት። ቤተ ክርስቲያኑ እንኳ ወደ ጥግ ተገፍቷል። የአንደኛው አያት ጠጅ ቤት ከገበያው ይሰፋል። ታሪኩም እንደዚያው ነው፤ ከተማዋን የቆረቆሩ አምስት አያቶች አገኘሁ።

የሕዝቡ ቁጥር ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሩ፣ ቤልቪው ትልቅ ቤት ያላቸው ሰውዬ፣ "የቅዳሜን ገበያ ቁጠሪ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ገበያተኛው እኮ ማታ ወደ አገሩ ይመለሳል።"

"ሶ? ታዲያ ቀን ነበረ አይደል! ትንሽ ከተማ ናት ብለን ጽፈን ማን ሊያከብረን ነው?"

የቀሩት አራቱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ግማሽ ቀን ተጉዞ በርበሬ ሊሸጥ የመጣ ሁሉ በዚች ቃል የከተማዋ ነዋሪ ሆኖ ዋለ።

በየስብሰባው ምግብ የሚያቀርቡልን አንዲት እናት ነበሩ፤ ሊንውድ ውስጥ ሆቴል ያጸዳሉ፣ ልጃቸው ተማሪዬ ናት። የዚያን ቀን ሳህን እየሰበሰቡ ካርታዎቹን አዩና ዝግ ባለ ድምፅ፣ "የኔ ልጅ፣ እኔ የተወለድኩት ከወንዙ ማዶ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ነው። የለም እንዴ?" አሉኝ።

አምስቱንም አገላበጥኩ። ሁሉም ወንዙ ላይ ያበቃሉ።

"ልጄ ስልኳ ላይ ፈልጋ አጣችው። 'ማሚ፣ ዩ ሜድ ኢት አፕ' ትለኛለች፤ ከራስሽ ፈጠርሽው ማለቷ ነው። መጽሔቱ ላይ ከወጣ ግን ታምነኛለች።"

ሊቀመንበሩ ሰምተው ሳቁ። እኩያቸውን ሁሉ አንቱ የሚሉት ሰውዬ፣ "አንቺ ደግሞ! እናንተ መቼ ከተማ ውስጥ ትቆጠሩ ነበር?" አሏቸው።

"አንቆጠርም ጋሼ። እናትዎ ግን ለድስት እየተሻገሩ ይመጡ ነበር።"

ለማያውቁት ላስረዳ፦ ሸክላ ሠሪ በሠራው ድስት ይበላል፤ ከሸክላ ሠሪው ጋር ግን አይበላም። እነዚህ ሰዎች ይህን ልማድ በአውሮፕላን ይዘውት መጥተዋል፤ ሻንጣ ስለማይሞላ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ የሴትዮዋን ወጥ ጠርገው በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ የእሷን ሰፈር አንቆጥርም ይላሉ።

ሰፈሩን በገዛ እጄ ካርታው ላይ አስገብቼ፣ ሦስት ጊዜ አርሜ ለኮሚቴው ላክሁ። መጽሔቱ ታትሞ ሲመጣ በሰፈሩ ቦታ ትልቅ የሰሜን አቅጣጫ ማመልከቻ ቀስት ተጋድሟል። ሊቀመንበሩን ኮል አድርጌ ስጠይቃቸው፣ "ካርታ አቅጣጫ ይፈልጋል ያልሽው አንቺው አይደለሽም?" አሉኝ። እንደ ብልህነት ቆጥረውታል። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩን ወረቀት በእጄ አልነካሁም።

በቀጣዩ ቅዳሜ እናትየዋን ክፍሌ ጠራኋቸውና ባዶ ወረቀት ሰጠኋቸው። ልጃቸው እያየች መሳል ጀመሩ፦ የሸክላ አፈር የሚቆፈርበትን ገደል፣ ድስቱ የሚተኮስበትን ሜዳ፣ ከዚያ አሥራ አንድ ቤት። በእያንዳንዱ ላይ እየጠቆሙ ማን እንደሚኖርበት፣ ማን ጀበና እንደሚያሳምር ተናገሩ። የራሳቸውን ቤት ከሜዳው ጫፍ አደረጉት። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ አንዱ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

"ይሄኛውስ የማነው?"

"የአክስቴ።"

"ከእሷ ቀጥሎ ያለውስ?"

ትምህርቱ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ ገና ከስድስተኛው ቤት አላለፉም ነበር።

እናንተም እስቲ የትውልድ ከተማችሁን ካርታ ሳሉ። ስትጨርሱ ለዘመዶቻችሁ አታሳዩት፤ በስብሰባችሁ ሳህን ለሚሰበስበው ሰው ስጡት፣ እርሳሱንም ጭምር።