ክኒኔን በጠበል የዋጥሁ ዕለት

ዛሬ ጧት ዳቦ ቤት ተሰልፌ ስለ ራሴ የሰማሁት ወሬ ይህ ነው፤ «እትዬ ፈንታነሽ ጠበሉ ውስጥ ክኒን ጨምራ አረከሰችው፤ አባም በመቋሚያቸው መትተው አባረሯት።» የሚያወሩት ከፊቴ ቆመው ነው... ጃንጥላዬን አጥፌ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስለ ተከናነብሁ አላወቁኝም።

ይታረም። ክኒኑን የጨመርሁት አፌ ውስጥ ነው። የጠበሉ አጥማቂ አባ መቋሚያቸውን ማንሣታቸው እውነት ነው፤ የመቱት ግን መሬት ነው።

ትናንት ጧት እንደ ልማዴ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጠበል ወረድሁ። ሉፐስ የሚባል በሽታ አለብኝ። ሐኪሜ ሲያስረዳኝ «ቤት እንዲጠብቅ የታሰረ ውሻ የቤቱን ሰው ሲነክስ ማለት ነው» ብሎኛል፤ ሰውነት ራሱን ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ፀሐይ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ያለ ጃንጥላ ከቤት አልወጣም።

ተራዬን ስጠብቅ አንዲት ልጅ አየሁ። ከአፍንጫዋ ግራና ቀኝ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የመሰለ ቅላት... ያን ቅላት ለዓመታት በመስታወት አይቼዋለሁ። ፊቷ አብጧል። እግሯም አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏታል። ስትተነፍስ ትከሻዋ ይነሣል።

«የኔ ልጅ፣ ሐኪም ቤት ታይተሻል?»

እናቷ ቀደመቻት። «ታይታለች እሜቴ። ከጃናሞራ ድረስ አምጥቻት ሉፐስ ነው ብለው ክኒን ሰጧት። አሁን ግን ትተነዋል። ክኒን የያዘን ሰው ጠበሉ ይሸሸዋል አሉን።»

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ።»

ያን ክኒን በድንገት ማቋረጥ ሰው ይጥላል። «ልጅሽ በሕይወት እንድትቆይ ከፈለግሽ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት» አልኋት።

«ምነው እሜቴ! ሱባኤዋን ላስፈርሳት? ለመሆኑ አንቱ ምን አገባዎት?»

ሰው ሁሉ ዞሮ ያየን ጀመር። ልጅቱ፣ እናኑ ትባላለች፣ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደግፋለች።

ንግግሬ እንዳልጠቀመ ገባኝ። ጠበሌን በጣሳ ተቀብዬ ጥቂት ጠጣሁ። ከቦርሳዬ ቁራሽ ዳቦ አውጥቼ በላሁ፤ ክኒኔ በባዶ ሆድ አይወሰድም። ከዚያ ክኒኑን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጌ ያዝሁና፣ ምላሴ ላይ አኑሬ፣ ጣሳው ውስጥ በቀረው ጠበል ዋጥሁት።

«ኧረ አረከሰችው!» አለ አንዱ። አንዷ ጃንጥላዬን ነጠቀችኝ። «አስወጧት!» ግፊያው እኔንም ልጅቱንም ከግድግዳው ጋር አጣበቀን... እናኑ «አየር!» ስትል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ።

አባ መሬቱን በመቋሚያ የመቱት ያን ጊዜ ነው። ግፊያው ቆመ። ወደ እኔ ሲመጡ፣ መርጌታው አባቴ መዝሙረ ዳዊት ሲያስደግሙኝ ልምጭ ይዘው ይመጡ የነበረው ታወሰኝ።

ጃንጥላዬን አስመልሰውልኝ፣ ጣሳዬን ተቀብለው ዘቀዘቁት። ጠብ የሚል ነገር የለም። «ጠጥታ ጨርሳዋለች፤ ምኑን ነው ያረከሰችው?» አሉ። ወደ እናቲቱ ዞሩ። «ጠበሉ ክኒን ፈርቶ የሚሸሽ ከሆነ እኔ እዚህ ምን እጠብቃለሁ? መድኃኒቷ የታለ?»

እናቲቱ መቀነቷን ፈታች። ከቋጠሮው ክኒኑ እንደ ታሸገ ወጣ።

«ልጥለው ወንዝ ድረስ ወርጄ ነበር... እጄ እንቢ አለኝ።» አለቀሰች።

እናኑ ልትውጥ እጇን ስትዘረጋ ያዝኋት። «አይሆንም። ከተቋረጠ በኋላ መጠኑን የሚያውቀው ሐኪም ነው።»

«ዋጪ የሚሉ አንቱ! አትዋጪ የሚሉም አንቱ!» ብላ እናቲቱ ጮኸችብኝ። አባ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የልጅቱ ከንፈር ቀለሙን እየለወጠ ነበር።

አዘዞ ወዳለችው ወደ ሰናይት ደወልሁ። ሰናይት ልብስ ሰፊ ናት፤ እሷም ሉፐስ አለባት። ይህ በሽታ ያለብን ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እቤቷ እንገናኛለን፤ ሰፈሩ «ባለ ጃንጥላዎቹ» ይለናል። በባጃጅ እስክትደርስ የእናኑን ትንፋሽ እያዳመጥሁ ቆየሁ...

ሰናይት ወርዳ ሻርፗን ገለጠች። እናኑ የሰናይት ጉንጭ ላይ ያለውን የቢራቢሮ ቅላት ትኩር ብላ አየችው።

«አንችም አለብሽ?»

«አለብኝ። ከዚህ ጋር አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ። ነይ፣ ተደገፊኝ።»

ባጃጁ ውስጥ መጀመሪያ የገባችው እናቲቱ ናት።

እናኑ ሆስፒታል ተኝታለች። ኩላሊቷ ተጎድቷል፤ ሐኪሞቹ ገና ተስፋም አልሰጡን፣ ተስፋም አላስቆረጡን። ባለ ጃንጥላዎቹ በየተራ አጠገቧ ናቸው።

ነገ ጧት መጀመሪያ ቁርሴን በልቼ ክኒኔን እውጣለሁ። ቀጥዬ ለእናቲቱ አጥሚት፣ ለእናኑ ትርፉን ጃንጥላዬን ይዤ ሆስፒታል እሄዳለሁ። ከዚያ ዳቦ ቤት እሰለፋለሁ... ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ ፊቴን ሳልሸፍን።