ካሜራ ፊት የተሰጠ ሰላምታ

ውባየሁ ሠናይትን በደንብ አውቃታለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ቦንጋ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የጽሕፈት ሱቁ ለዓመታት ማመልከቻ ስትጽፍ ኖራለች፤ ምን እንደሚያስቃት ግን ዛሬም አያውቅም።

ከሺሺንዳ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ እጆቿ አልታዘዝ ካሏት ወዲህ የምትጽፈው በፊቷ ነው። ወንድሟ ኮምፒውተሩ አናት ላይ ትንሽ ካሜራ ገጠመላት። ካሜራው አፍንጫዋን ይከተላል። ፊቷን ወደ ቀኝ ስታዞር የማውዙ ቀስት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ስክሪኑ ላይ ከተደረደሩት ፊደላት በአንዱ ላይ ትንሽ ከቆየች ያ ፊደል ይጻፋል። ወደ ሥራ ስትመለስ ውባየሁን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በር አጠገብ ያለው ቦታዋ እንዳይነካባት።

ያስቸገረው ሰላምታ ነው። ሰው ሲገባ አንገቷን ዝቅ ካደረገች ቀስቱ አብሯት ይወርዳል። ስለዚህ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትመልሳለች። ደንበኛው ኮራች አለ። አንዳንዱም ማዶ ወዳለው ሱቅ መሻገር ጀመረ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ተሰማ ለውሃ መስመር ማመልከቻ አዝዘው ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። ሲመለሱ ሠናይት መጨረሻው መስመር ላይ ነበረች።

«አልጨረሽም ሠናይት?»

«ደረስኩ ጋሼ» አለች፣ ንቅንቅ ሳትል።

ሽማግሌው ወደ ውባየሁ ዞሩ። «ተጎዳ ሲባል የሰማሁት እጇ ነው። አንገቷም ነው እንዴ?»

«ካሜራው እኮ ነው ጋሼ...»

«ካሜራ! ፎቶ ልትነሳ ነው የተቀመጠችው?»

ሠናይት እንደ ድሮዋ ጎንበስ አለች። እስኪበቃቸው ድረስም ቆየች። ቀስቱ ወርዶ ታች ካለው የመሰረዣ ቁልፍ ላይ አረፈ፤ ማመልከቻው ከመጨረሻው ፊደል ጀምሮ አንድ በአንድ እየተበላ ሄደ። ውባየሁ ያያል።

«እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ የጨዋ ልጅ!» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ቀና ብላ የጠፋውን እንደገና ጀመረች። ፊቷ ላይ ንዴትም ሐዘንም አልነበረም።

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ይዘው ሲወጡ ውባየሁ ሲያወጣ ሲያወርደው የሰነበተውን ተናገረ።

«ሰኞ ሊና የምትባል ልጅ ትጀምራለች። ደንበኛ እሷ ትቀበል። ያንቺን ጠረጴዛ ወደ ጓዳ እናስገባው፤ እዚያ ለማንም መጎንበስ የለብሽም።»

ሠናይት ስክሪኑን ታያለች። ቀስቱ ባዶው ገጽ መሀል ቆሟል።

«ለአንቺው ብዬ ነው። ጓዳው አይሻልሽም?»

«ጋሽ ውባየሁ፣ ይህን ጥያቄ አልመልስም» አለች።