የሰባት እርምጃ ኮሪደር

እህቴን ሰፈሩ «ፖስታ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነው፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ምክንያቱም ልክ ነበር። በዘጠኝ ዓመቷ ሥራ ጀመረች፣ አርባ እስኪሞላት ኩፍኝ ከያዛት ጥቂት ቀናት በቀር እረፍት አልወጣችም። ሥራዋ በሁለት ሰዎች መካከል ቃል ማመላለስ ነበር። ሁለቱ ሰዎች እናታችንና አባታችን ናቸው።

አባታችን ልብስ ሰፊ ነው። በሯ ወደ መንገድ የምትከፈተው የፊት ክፍል ሱቁ ናት። የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪናው፣ ካውያውና ጭንቅላት የሌለው የእንጨት አሻንጉሊት እዚያ ናቸው። እናታችን ደግሞ የጓሮዋን ክፍል ይዛ የእጅ ሥራውን ትሠራለች፤ ገበር ታለብሳለች፣ ትዘመዝማለች፣ የቁልፍ ቀዳዳ ትሰፋለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል መስኮት የሌለው ኮሪደር አለ። በልጅ እግር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ በትልቅ ሰው ሰባት።

ጠቡ የተነሳው በአንድ ሱሪ ነው። አንድ ደንበኛ ሊለካ ቆሟል፤ እናታችን ከእግሩ ሥር ተንበርክካ በስፒል እየያዘች ቀና አለችና «የግራው አጥሯል» አለች። አባታችን በሰው ፊት «አንቺ ዝም በይ!» አላት። ዝም አለች። እሱ እስክትናገር ጠበቀ፣ እሷ ተናገሪ እስክትባል ጠበቀች። ሱሪው በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ የግራው አጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ጭራሽ ከረረ። አባታችን አፉን ቢከፍት ስለ ሁለት ጥፋት ይቅርታ ሊጠይቅ ሆነ፣ እሱ ደግሞ ስለ አንዱም ጠይቆ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ቃል ሳይለዋወጡ በአንድ ጣሪያ ሥር ኖሩ፤ የከተማውን ጥሩ ጥሩ ኮት ሁሉ አብረው ሰፉ።

ሥራው ግን ቃል ይፈልጋል። «ገበሩ ጥቁር ይሁን ወይስ ቡኒ?» የሚለውን ማን ይጠይቅ? እህቴ።

አባታችን ከመኪናው ቀና ሳይል «ለዚያች ሴትዮ ንገሪያት፣ እንዲህ አድርጋ የምትሰፋልኝ ከሆነ እጇን ሰብስባ ትቀመጥ» ይላል። እህቴ ኮሪደሩ ውስጥ ትገባለች። በወዲያኛው በር ስትወጣ፣ «እማዬ፣ አባዬ ስፌቱ ትንሽ ጠበቅ ይበል ብሏል። እጇ ደክሞ ይሆናል፣ ትረፍ አለ» ትላለች። እናታችን «የደከመው የኔ እጅ ሳይሆን የሱ ጭንቅላት ነው በዪው» ብላ ታስይዛታለች። የፊቱ ክፍል ስትደርስ፣ «እሺ ብላለች፣ አባዬ» ሆኖ ይወጣል። መኪናው ስለሚንጫጫ አንዱ የሌላውን አይሰማም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ማን አስተማራት? ማንም። በጨለማ ውስጥ አሥራ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የተሰጣት፤ እዚያው እየሄደች ትሠራው ነበር።

አንድ ጊዜ እህቴ በኩፍኝ ስትተኛ ሥራው ለኔ ተሰጠ። የሰማሁትን እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳላጎድል አደረስኩ፤ ስድቡን ከነድምፁ። በሦስተኛው ቀን ከቤታችን አንድ ኮት የማይወጣበት ደረጃ ተደረሰ። አባታችን ከዚያ ወዲህ «ቴፕ» ነው የሚለኝ። እህቴ ከነትኩሳቷ ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች፣ እኔም ከሥራ ተባረርኩ። ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ኋላ ፀጉር አስተካካይ ሆንኩ፤ ሰው እንዳሻው የሚያወራበት፣ እኔም አዎን አዎን የምልበት ሥራ ነው።

እህቴን አንድ የሒሳብ አስተማሪ ወዷት ነበር። ሁለት ዓመት ተመላለሰ። በመጨረሻ ከከተማው ወዲያ ማዶ ቤት እንከራይ ሲላት «እነሱን ማን ያነጋግራቸዋል?» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፣ እሱም ቀረ። እኔ ለምን «ሂጂ» አላልኳትም? ከሄደች ሥራው ወደ ማን እንደሚመለስ ስለማውቅ ነው። እውነቱ ይሄው ነው።

የልጅነት ሥራዋ እንጀራ የሆነላት በሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የቤተሰብ ኮሜዲ ጸሐፊ ሲፈልግ ተወዳድራ ገባች። ባልና ሚስት የማይነጋገሩበትን ቤት ጻፈች። አባቴን ዳቦ ጋጋሪ አደረገችው፣ በቃ ሸሸግሁት ብላ። ሚስትየዋ ባንኮኒ ላይ ትሸጣለች፣ ባልየው ከምድጃው ዘንድ ነው፣ ልጅቷ ትመላለሳለች። አገሩን በሳቅ ገደለችው! ሱቄ ውስጥ ቶንዶሱ ጆሮ ሥር ላይ እያለ ደንበኛው በሳቅ ይንፈራገጣል። «ምን ዓይነት ደደቦች ናቸው፣ ለምን ቁጭ ብለው አያወሩም?» ይላል አንዱ። እኔ አንገቱን አቀናለሁ።

ያንኑ ጥያቄ ለእህቴ አንስቼላት ነበር። «እሷ እንድትጠየቅ ትፈልጋለች» አለችኝ፣ ስለ ዳቦ ሻጯ እያወራች። «እሱ ደግሞ ሳይጠይቅ እንዲመሰገን። ሁለቱም ንቅንቅ ሳይሉ ይጠብቃሉ። አንዳቸው ካገኙ ኮሜዲው አለቀ።»

«ልጅቷስ? ምን ትፈልጋለች?»

አሰበች። «እሷ ሥራ ላይ ናት» አለችኝ።

እናትና አባታችን ኮሜዲውን ለየብቻ ነበር የሚያዩት፤ እሱ በፊቱ ክፍል፣ እሷ በጓሮው። ራሳቸውን ማወቅ አለማወቃቸውን አንድም ቀን አልተነፈሱም። ግን እኩል ይስቁ ነበር። ኮሪደሩ መሃል ብትቆም ሳቃቸው ከሁለት ወገን እየመጣ ጆሮህ ላይ ይገጥማል። እህቴ እዚያ ቆማ ስታዳምጥ አይቻታለሁ። በሕይወቷ ያን ያህል ደስ ብሏት አላየኋትም።

ከዚያ ያ የኮሜዲው ክፍል መጣ። ሌሎቹ ጸሐፊዎች ልጅቷ ለምን አትጣላም፣ ለምን አትሰለችም ብለው ያፋጥጧታል። እሷም ምስጢሩን አወጣችው። ካሜራው ልጅቷን ተከትሎ በዳቦ ቤቱ መተላለፊያ ይገባል፤ አባትየው ያለውን ሰምተናል፣ ልጅቷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትቀይረው እናያለን፣ ከዚያ እናትየው ዘንድ ማር ሆኖ ሲደርስ። ስድቡ ወደ ምስጋና፣ ምስጋናው ወደ ናፍቆት እየተገለበጠ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በዓመቱ ሰው በጣም የወደደው ክፍል ይሄ ነው አሉ።

ያን ምሽት እኔ እቤት ነበርኩ። መጀመሪያ የፊቱ ክፍል ሳቅ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶ የጓሮውም። በሁለቱም ክፍል ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ተመልካቾች ብቻቸውን ይስቃሉ።

በማግስቱ አባታችን እህቴን ጠራት። ጠመኔውን በጣቱ እየፈረፈረ ነበር። «ያን ሰማያዊ ካፖርት የሰፋሁላት ጊዜ» አላት፣ «‹እጅህ ይባረክ በዪው› ብላለች ብለሽኝ ነበር። እውነት ብላለች?»

እናታችን ያን ጊዜ ያለችው «ትከሻው ሰፍቷል» ነው። እህቴ ጎንበስ ብላ የወደቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ መልቀም ጀመረች፤ እሱም ገባው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ቃል ይዞ መኖሩን እኔ ያን ዕለት ነው ያወቅሁት። እናታችን በበኩሏ «እኔስ ጠርጥሬ ነበር፤ የአባትሽ አፍ ያን ያህል አይጣፍጥም» ብላ መርፌዋን አነሳች። እሷ እንዲህ ናት፣ የጎዳትን ነገር በቀልድ ትሸፍነዋለች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ተበላሸ። ደግ ቃል ይዛ ስትሄድ አባታችን ጥርሱን እያሳየ «ይሄ ያንቺ ነው፤ የሷን አምጪ» ይላታል። ክፉውን ስታመጣለት ብቻ ያምናል። እህቴ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረችና ተወችው፤ የክር ቀለምና የቁልፍ ቁጥር ብቻ ማመላለስ ጀመረች። ዘንድሮ እናታችን ታመመች። ልቧ ነው። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገው ወደ ቤት ውሰዷት አሉን፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን። የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ሦስት ትራስ ደርድረን አስደገፍናት። አባታችን መኪናውን አላቆመም፤ እንዲያውም ሥራ ጨመረ። እህል ግን አይገባለትም ነበር፣ ሳህኑ እንደሄደ ይመለሳል። በየሰዓቱ እህቴን ጠርቶ «ተኛች?» ይላታል፤ ሌላ ምንም።

አንድ ማክሰኞ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ እናታችን የእህቴን እጅ ያዘች። እኔ ከእግርጌ ቆሜያለሁ። ትንፋሽ እያጠራት ነው። «አባትሽን ይምጣ በዪው» አለች። «ልየው።»

እህቴ ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጠች። መኪናው ቆመ፣ ከዚያ ድምፃቸው ተሰማ፣ ከዚያ መኪናው ተነሳ። ስትመለስ ፊቷ አመድ ሆኗል። በሩ ላይ ይዛኝ «አላመነኝም» አለች። «‹ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ደግ ቃል ያላከችልኝ ሴትዮ ዛሬ ትጠራኛለች? ገብቼ ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርስ?› አለኝ። አንተ ሂድ። አንተ ቃል አትጨምርም። አንተን ያምንሃል።»

እውነቷን ነው። ያ ቤት ውስጥ አንድ የሚታመን አፍ የኔ ነበር። እንዳለ ብቻ ማድረስ ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል፣ ሌላ የለም። ሰባቱን እርምጃ ስሄድ ግን ፈራሁ። ሦስት ቃል አነሰብኝ። ለእህቴ ያነሰው ቃል ለኔ ይበቃል? ይህ ሰው ባይመጣስ? እግዜር ይይልኝ፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ ነገር ጨመርኩ።

«አባዬ» አልኩት፣ «እማዬ ‹ይምጣ በለው፣ ልየው፣ እባክህ በለው› ብላለች።»

መኪናውን አቆመ። ከወንበሩ እየተነሳ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እጁ ጠረጴዛውን ተደግፏል። ከዚያ «እባክህ?» አለ። አየኝ። እናታችን በሕይወቷ ለማንም እባክህ ብላ አታውቅም፤ ይህን ከሱ ይበልጥ የሚያውቅ ሰው የለም። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቴፑም ጀመረው?» አለ።

ማልኩለት። «እባክህ»ን ብቻ ነው እኔ የጨመርኩት፣ ሌላው የሷ ነው ብዬ ተናዘዝኩ። የበለጠ ባወራሁ ቁጥር የበለጠ የእህቴን ኮሜዲ መሰልኩ። «ተዉኝ ልጆቼ» አለ፣ ሳይቆጣ። «አትቀልዱብኝ።» እጅጌውን ከመርፌው ሥር አስገባ።

ስመለስ እህቴ ፊቴን አየች። ዓይኗን ጠረግ አድርጋ ገባች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አለ?» አለች እናታችን።

«የያዛት እጅጌ አለች» አለች እህቴ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። «‹እሷን ልጨርስና እመጣለሁ። ትጠብቀኝ። ብዙ የምነግራት ነገር አለኝ› አለ።»

እናታችን ዓይኗን ጨፈነች። «ኮሪደሩ ላይ ነው የሠራሽው?»

እህቴ ብርድ ልብሱን ሳብ አደረገችላት።

«ግድ የለም» አለች እናታችን። እጇን ፈልጋ ያዘቻት። «ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል። ድገሚልኝ።»

ደገመችላት። እናታችን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተላት ነበር። እንደገና ደገመችላት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። አንዱ ላይ ከንፈሯ ቆመ፤ እኔ አየሁት፣ እህቴም አይታዋለች፣ ግን መናገሯን አላቆመችም። «‹ትጠብቀኝ፤ ብዙ የምነግራት ነገር አለኝ› ብሏል፣ እማዬ። ‹ትጠብቀኝ› ብሏል።» መኪናው በፊቱ ክፍል ጸጥ ማለቱን ሁለታችንም ልብ አላልነውም።

አባታችን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። መቼ እንደመጣ፣ ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ያላለውን ቃል በልጁ አፍ ሲሰማ ፊቱ ላይ የሆነውን ልገልጸው አልችልም። እህቴን አላያትም፣ እኔንም አላየኝም። ወደ አልጋው ቀረበና ወደ እናታችን ጎንበስ አለ።

«አዎ» አላት። «ብያለሁ።»

የሰማነው እኔና እህቴ ብቻ ነን።