ማርዴል ኩስተርማን የምትረሳበትን ቤት ስትመርጥ

ሐይቅ ዳር ባለችው በሺቦይገን ከተማ ከማርዴል ኩስተርማን ጋር ምግብ ቤት ለመግባት የሚደፍር ሰው አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ሆና ስትሠራ፣ ሰው በፊት በር ሲገባ እሷ በጓሮ በር ነበር የምትገባው። ጡረታ ከወጣችም በኋላ አመሏ አልለቀቃትም። ባሏ ሮላንድ የሞተ ጊዜ፣ ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምሳ ስንበላ፣ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ከደረት ኪሷ ቴርሞሜትር አውጥታ የድንች ሰላጣው ውስጥ ሰካችው። «ይሄን የበላ ሮላንድን ተከትሎ ይሄዳል» አለችና ሳህኑን አነሳች። ፓስተሩ ሹካውን አፉ ደጃፍ አድርሶ ነበር፤ መለሰው።

እኔ ኖርበርት እባላለሁ፤ ጎረቤቷ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ ሳድል ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከማርዴል ጋር አንድ አጥር ስንጋራ፣ የሠራሁትን ምግብ አንድ ቀን ቀምሳልኝ አታውቅም። በረዶ ግን አብረን እንዝቅ ነበር።

መርሳት የጀመራት በሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ አንድ እሑድ ሦስት ጊዜ ቋሊማ አመጣችልኝ። ዝም ብዬ ተቀበልኳት፤ ቋሊማ ማን ይጠላል? ኋላ ግን አንድ ሰኞ ጠዋት መሀል ከተማ ያለው ባንክ ገብታ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችውን ልጅ «መጥበሻዎቹ የት ሄዱ? ዘይቱን ማየት እፈልጋለሁ» አለቻት። ባንኩ ያለበት ቤት ድሮ ዓሣ ቤት ነበር፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዘጋችው ራሷ ናት። ደውለውልኝ ሄጄ አመጣኋት። ቤቷ ስንደርስ፣

«ኖርበርት» አለችኝ፣ «ባንክ መሆኑን ያወቅኩት ከወጣሁ በኋላ ነው።»

ሐኪሙ መርምሮ የበሽታውን ስም ነገራት። ስንት ጊዜ እንደቀራት ስትጠይቀው «እንደየሰው ይለያያል» አላት።

«ይሄ ዶሮ ከማቀዝቀዣ ከወጣ ስንት ሰዓቱ ነው ብዬ ስጠይቅ ወጥ ቤቶቹም የሚሉኝ ይህንኑ ነው» አለችው። ሐኪሙ ሳቁን ለመደበቅ ጠረጴዛው ሥር ወረቀት ይፈልግ ጀመር።

መንጃ ፈቃዷን ወሰዱባት። ወዲያው አንድያ ልጇ ጆሊን ከሚልዋኪ መጣች። ጆሊን ሥራዋ ቤት ማሻሻጥ ነው። የአረጋውያን መኖሪያዎችን የሚያስተዋውቁ የሚያብረቀርቁ ወረቀቶች በእቅፏ ሙሉ ይዛ ገባች፤ ሁሉም ላይ ጥርሳቸው የተሟላ ባልና ሚስት ይስቃሉ።

«እማዬ፣ እስቲ ይሄን እዪው። ሐይቁ ዳር ነው። ሲኒማ አለው፣ ጸጉር ቤት አለው፣ ለሚረሱት ደግሞ ለብቻው የተሠራ ክፍል አለው።»

«ወጥ ቤቱስ?»

«ሼፍ አላቸው!»

«ወጥ ቤቱን ነው ያልኩሽ። ሼፍማ አይጥ ያለበትም ቤት ይኖራል።»

«እማዬ በናትሽ፣ አሁን ቀልድ የለም። አንድ ቀን ምድጃ ለኩሰሽ ብትረሺውስ?»

ማርዴል ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላት። «መርሳቴ ካልቀረ፣ የት እንደምረሳ የምመርጠው እኔ ነኝ። አንቺ የሚያምር በር ስታዪ ልብሽ ይጠፋል፤ እንጀራሽ ስለሆነ አልፈርድብሽም። እኔ ከጓሮ ነው የማየው።»

በማግስቱ የድሮውን የቁጥጥር ቅጿን ይዛ ቤቴ መጣች። «መኪናህን አውጣ። የዚህ ከተማ አድራሻ አይጠፋህም። ደግሞ የጻፍኩትን ሁሉ እያየህ ትፈርምልኛለህ፤ ነገ አልጻፍኩም ብዬ ብክድ ምስክር ይኑረኝ።»

በሁለት ሳምንት ስድስት ቤት አየን። ቀጠሮ ብሎ ነገር የለም፤ ሁልጊዜ ምሳ ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው እንደርሳለን። አንደኛው ቤት ሽንቱን በሎሚ ሽታ ሸፍኖ ጠበቀን፤ ከበሩ ተመለስን። ሌላው ጋ አሥራ አራት አዛውንት ጎልፍ በሚያሳይ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው አገኘን። ማርዴል ወደ ነጻ ትግል ቀየረችላቸውና ሲነቃቁ አይታ ወጣች። አንዱ ደግሞ አትክልቱ ውስጥ አውቶቡስ የማይመጣበት የአውቶቡስ ማቆሚያ ነበረው፤ ወደ ቤቴ ልሂድ እያሉ የሚያስቸግሩትን ለማባበል ነው የተሠራው። ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማርዴል አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም» አሏት።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ምንም። ግን እዚህ ከተቀመጥኩ ለቢንጎ ጨዋታ አይጠሩኝም።»

እዚያ ቤት ልትገባ ምንም አልቀራት ነበር። ሾርባው ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ተገኘ።

ጆሊን የወደደችው የሐይቁ ዳር ቤት መግቢያው ላይ ጣሪያ የሚያክል መብራት ተንጠልጥሏል፤ ፒያኖው ማንም ሳይነካው ብቻውን ይዘፍናል። አስጎብኚ ተብላ የተመደበች ልጅ እጆቿን ዘርግታ መጣች።

«እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ማር! የኔ ቆንጆ!»

«ማር ከሆንኩ በማሰሮ ነው የምቀመጠው። መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?» አለች ማርዴል።

ለእይታ የተዘጋጀው ክፍል መጸዳጃ ቤት ገባች። እዚያ ለወደቀ ሰው የሚሳብ የአደጋ ጥሪ ገመድ አለ። እሱን ሳበችና፣ የመቀመጫውን ክዳን ከድና ሰዓቷን እያየች ቁጭ አለች። እኔ ውጪ ብስኩት እየበላሁ ጠበቅኋት፤ እውነት ለመናገር ብስኩቱ ግሩም ነበር። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር ደቂቃ አለፈ። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ መወልወያ የያዘ ሰውዬ ብቅ አለና «እሱ ነገር ዝም ብሎ ይጮሃል፤ መልሰው ቢስቡት ይጠፋል» አላት።

«በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ» አለች ማርዴል ለአስጎብኚዋ፣ «እንቁላል አራት ጊዜ ይቀቀላል። አሮጊት ግን አንዴ ነው የምትሞተው።» ቅጹን አስፈረመችኝና ወጣን።

የመጨረሻው ከጎማ መሸጫው ጀርባ ያለ፣ ዝቅ ያለ የጡብ ቤት ነው። ጆሊን ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ደብዳቤ ሳድልበት የማውቀው እኔ ነኝ። ገና ከመኪና ስንወርድ የሚጠበስ ሽንኩርት ሸተተን። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ግዙፍ አሮጊት፣ ማይ የምትባለውን ደቃቃ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ የህሞንግ ሰዎች ልጅ ቁም ስቅሏን ያሳይዋታል። ማይ እዚያ ቤት አስታማሚ ናት።

«ሌባ! ሹራቤን ሰርቀሽ ለበስሽው!»

«እትዬ አግነስ፣ የእርስዎን ሹራብ ብለብስ እኮ ድንኳን ውስጥ የጠፋች ድመት ነው የምመስለው!»

አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ። ማርዴል ቅጿ ላይ «ሠራተኛዋ መልስ ትሰጣለች» ብላ ጻፈች።

«ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«መልስ የማይሰጡት ለሬሳ ነው። ፈርም።»

ቀጥሎ በጓሮ ዞራ የወጥ ቤቱን በር በረገደችው። «ቁጥጥር ነው! ማንም ምንም እንዳይነካ!»

ባለ ነጭ ሪዝ ወፍራም ሰውዬ ዞር ብሎ ሲያያት ጭልፋው ከእጁ ወደቀ። አማተበ።

«ወይዘሮ ኩስተርማን! ጡረታ ወጡ ብለውኝ እኮ ነበር!»

«ታኪስ! አይጡ ደህና ነው?»

ታኪስ ድሮ ስምንተኛው መንገድ ላይ የቁርስ ቤት ነበረው። ማርዴል ሁለት ጊዜ ዘግታበታለች፤ ከሁለተኛው በኋላ አልተከፈተም። አሁን እዚህ ለአርባ አዛውንት ያበስላል። ማርዴል በሆዷ ተኝታ ከማቀዝቀዣው ሥር አየች፤ ስጋው ውስጥ ቴርሞሜትር ሰካች፤ የማጠቢያውን ውኃ በጣቷ ሞከረች። ያገኘችው ጥፋት አንድ ብቻ ነው፤ የተሰነጠቀ መክተፊያ። ታኪስ አንድ ቃል ሳይናገር መክተፊያውን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ጣለው።

የጥሪውን ገመድ ስትስብ ማይ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰች።

«ምን ፈለጉ?»

«ምንም።»

«ለምንም እንዲህ ከሮጥኩ፣ የሆነ ነገር ቢሆኑ እበራለሁ ማለት ነው።»

ከዚያ ማርዴል ምሳ በላች። የተፈጨ ስጋ ጥብስ፣ ድንችና ጥቅል ጎመን፤ ሁለት ሳህን። እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም። ታኪስ አጠገቧ ቆሞ ሪዙን ይፈትላል።

«ስንት ዓመት ሲመላለሱብኝ አንዴ እንኳ አልቀመሱልኝም ነበር» አላት።

«ምግብህ መጥፎ ነው አላልኩም። አይጥህ ነው።» ሹካዋን አስቀመጠች። «ታኪስ፣ ቂም ይዘህብኛል?»

ታኪስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ይዣለሁ እንጂ! አሥራ አንድ ዓመት። ሚስቴማ ስምዎ ሲነሳ ትተፋ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና እስክትሞት አላቆመችም።»

«አንድ ቀን ማን እንደሆንክ አላውቅህም። ያን ጊዜ ሾርባዬ ውስጥ ብትተፋስ?»

እኔ መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ። ታኪስ ግን አልተቆጣም።

«ወይዘሮ ኩስተርማን፣ እዚህ የማበስልላቸው ሰዎች ከማዕድ ሲነሱ መብላታቸውን ይረሳሉ። ጥሩ ነው የሚለኝ የለ፣ መጥፎ ነው የሚለኝ የለ። እርስዎ ኖረው ቢሰድቡኝ ሰው ይኖረኛል።»

ማርዴል ቅጹን ሞላች። በሠላሳ አንድ ዓመት ለማንም ያልሰጠችውን ውጤት ሰጠችው፤ ከመቶ ዘጠና አራት።

ጆሊን ቤቱን ልታይ መጥታ፣ የተጫጫረውን ወለልና ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን የወረቀት ዱባዎች አይታ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆማ አለቀሰች።

«እናቴን ከጎማ ቤት ጀርባ ጣልኳት ነው የምለው ለሰው?»

«ራሷ ናት የተጣለችው በይ» አለች ማርዴል። «ደግሞ አንቺ በወር አንዴ ነው የምትመጪው። ያ ትልቅ መብራት ስላለ በሳምንት አትመጪ።» ጆሊን የባሰ አለቀሰች። ማርዴልም ደነገጠች፤ ልጇን አቅፋ ጀርባዋን እየመታች «እሺ፣ እሺ፣ ክፉ ተናገርኩ። ነገ ደግሞ ስለምረሳው አንቺም እርሺው» አለቻት። ጆሊን እያለቀሰች ሳቀች።

በመስከረም ገባች። የመጀመሪያው ወር አስቀያሚ ነበር። ሄጄ ስጠይቃት ሻንጣዋን ዘግታ በር ላይ ትጠብቀኛለች። «አንተ ነህ እዚህ ያስገባኸኝ! ቤቴን ፈልገህ ነው!» ትለኛለች። አንድ ቀን ስድቡ ሲበዛብኝ ቅጹን አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«ይቺ ሴትዮ ጠንቃቃ ናት» አለች። «ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ።»

እንደገና አነበበችው። «እንግዲያው ሻንጣውን መልሰው። ከሷ ጋር አልከራከርም።» ሻንጣውን ወደ ክፍሏ መለስኩላት።

የበረዶው ወራት እንዲህ አለፈ። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፤ አንዳንድ ቀን ደብዳቤ ዘግይቷል ብላ ትጮህብኛለች። በሚያዝያ መጨረሻ ግን ጆሊን ስልክ ደወለችልኝ።

«ኖርበርት፣ እናቴን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሲስማት ይዘዋቸዋል!»

«ማን?»

«ሃልቮር የሚባል! ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው!»

ሃልቮር ሐይቁ ላይ የዓሣ ጀልባ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን እዚያው ቤት የሚኖር ባለ ረጅም ክንድ ሽማግሌ ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ከማርዴል አጠገብ አይጠፋም አሉ። የቤቱ ነርስ ሁለቱም ወድደው እንደሆነ፣ ማንም ማንንም እንዳላስገደደ አረጋግጣለች፤ ግን ልጆቻቸው ተሰብስበው ይምከሩ ብላ ጠራች። ጆሊን ብቻዬን አልሄድም ስላለች እኔም ሄድኩ። የሃልቮር ልጅ ዴልም መጣ፤ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ተራራ የሚያክል ሰው፣ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜ ተላክሁ ማለት ነው፤ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ሊድሩ፣ ወላጆቹ ደግሞ ኮሪደር ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊጠብቁ።

መጀመሪያ ጆሊን እናቷን ከሃልቮር ነጥላ አስገብታ በእኛ ፊት ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ አባዬ መስሎሽ ነው?»

ማርዴል ልጇን እንደ ሞኝ አየቻት። «አባትሽ? አባትሽ መደነስ አይችልም ነበር።»

ዴል ጉሮሮውን ጠርጎ «አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጺሙን ተላጭቶ አያውቅም ነበር። ዛሬ ተላጭቷል» አለ። ጆሊን ናፍጣ ከሚሸተው ከዚያ ሰውዬ ጋር ልትዛመድ ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብላ እጇን ዘረጋችለት።

ከዚያ ድርድሩ ቀጠለ። ሃልቮር ከእራት በፊት ማርዴል ክፍል ገብቶ ሙዚቃ መስማት ይችላል፤ በሩ ግን አይዘጋም። ምን ያህል ይከፈት በሚለው ላይ ጆሊን ክንድ ሙሉ አለች፤ ዴል ግማሽ አለ። ማይ ሰዓቷ ደርሶ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስለቸኮለች አንድ እግር ጫማዋን አውልቃ ማርዴል ክፍል በር ሥር ሸጎጠችና «ይሄን ያህል። ጨርሰናል» አለች። ተስማማን፤ ተጨባበጥን፤ ማርዴልና ሃልቮርም ክፍሉ ገቡ።

ገና ኮሪደሩን ሳናጋምስ ከኋላችን ኮሽ አለ። ዞር ስንል የማይ ጫማ በወለሉ ላይ ተንሸራቶ ወጣ፤ በሩም ተዘጋ። ማይ ባንድ እግሯ እያነከሰች ጫማዋን ልታመጣ ተመለሰች። ጆሊን ልትናገር ፈለገች፣ ዴልም፣ እኔም። ከውስጥ የአኮርዲዮን ሙዚቃ ተሰማ። አሁን ማን ያንኳኳ ብለን ስንተያይ ቆየንና፣ ሦስታችንም ታኪስ ጋ ገብተን፣ ቀኑ ዓርብ ነበርና በከተማው ልማድ የሚቀርበውን ዓሣ በላን።