ሆዳንን በካርታ ማስፈራራት አይቻልም

ዛሬ በፖከር ሦስቴ ባዶ እጄን ጥሩ ካርታ እንዳለው ሰው ሆኜ ትልቅ ውርርድ ገፋሁ፤ ሆዳን ሦስቴም በላችኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ ወንድሜ ሁርሶ ካለው የወታደር ማሠልጠኛ ይመረቃል። የፋብሪካ ባልደረባዬ ሆዳን ደግሞ ነገውኑ የአክስቷ ልጅ ሰርግ አለባት። አለቃችን ፈቃድ የሚሰጠው ለአንዳችን ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት በለስላሳ ቆርኪ ተወራርደን፣ ቆርኪው ያለቀበት ይቅር ተባባልን።

ሆዳን ውርርድ አትጨምርም፣ ካርታዋን ጥላም አትወጣም። ምንም ባይኖራት "አሳየኝ እስኪ!" ብላ እኔ ያስያዝኩትን ያህል ቆርኪ ትገፋለች። (ፊቴን ያኮሳተርኩት በከንቱ ነው፤ ቀና ብላም አላየችኝ።)

ቆርኪዬ ሊያልቅ ሲል ማስፈራራቱን ተውኩ። ደካማ ሲደርሰኝ ጣልኩ፣ ጥሩ ሲደርሰኝ ብቻ ብዙ ገፋሁ። እሷም "አሳየኝ!" እያለች ቆርኪዋን ጨረሰች። የመጨረሻውን በሦስት ንጉሥ በላኋት፤ እሷ የያዘችው ሁለት ስድስት ነበር።

"ለምን አልጣልሽም?" አልኳት።

"ወላሂ፣ ሳላይ ከጣልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሂድ፣ ወንድምህን እንኳን ደስ አለህ በልልኝ።"

አሸንፌ፣ ሰርጉን አስቀርቼባት፣ ይኸው ቤት ውስጥ እንጎራደዳለሁ። "የእሑድ ፈረቃሽን እኔ እገባልሻለሁ" ብዬ ጻፍኩላት።

እናንተስ፣ አሸንፋችሁ መቀመጥ ያቃታችሁ ቀን አለ? ምን አደረጋችሁ?