ዲጋምባር በቴሌቪዥን ያልተናገራት ዓረፍተ ነገር

ዲጋምባር ማህቶ ሃያ ዓመት ሙሉ በህንዷ ዳንባድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ሠፈሮች ማይክ ይዞ ዞሯል። ዘጋቢ ከመሆኑ በፊት የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ ነበርና፣ ሰው በመንገድ ሲያውቀው ደረቱ ይነፋል። ምን ይደረግ፣ ሰው ነው።

አምና የከሰሉን ጉድጓድ ውሃ ሞላው። አንድ ሬሳ ወጣ፤ የራስ ቁሩ መብራት ላይ የቆፋሪው የሎኽን ማንጂ ቁጥር ነበር። የቴሌቪዥን ጣቢያው አለቃ በስልክ፣ "በል እንጂ፣ ሊቀድሙን ነው!" ሲለው፣ ዲጋምባር ፊቱን እንኳ ገልጦ ሳያይ የሎኽንን ሞት በቀጥታ ስርጭት አወጀ። ሎኽን ለካ የራሱን ደህና መብራት ለባልደረባው ሰጥቶ፣ የዚያን ደካማ ይዞ ነበር የወረደው። ማምሻውን በእግሩ ወጣ።

እስከዚያ ግን ሚስቱ ፑልማቲ ዜናውን ሰምታ፣ ባል የሞተባት ሴት እንደምታደርገው የብርጭቆ አምባሮቿን ድንጋይ ላይ ሰብራለች። አንዴ የሰበረች ደግሞ ገደ ቢስ ናት ይላሉ። ባሏ ቆሞ እየሄደ! የልጇ ሠርግ ሲቃረብ፣ ሴቶች ለበረከት ሙሽራን እርድ መቀባታቸው ወግ ነውና፣ ጎረቤቶቿ "ሙሽራዋን እርድ እንዳትቀቢ፣ ዕድሏን ታበላሺያለሽ" አሏት። እሷም ዲጋምባር ዘንድ መጣች።

"ወንድም ጋሼ፣ ምንም አልፈልግም። በዚያው አፍዎ፣ በዚያው ቴሌቪዥን፣ 'ሳላጣራ ነው ያወራሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው' ይበሉልኝ። እርስዎን ያምናሉ።"

"እላለሁ እህቴ። ልጆቼን!"

አለቃው ሲሰማ ሳቀበት። "አብደሃል እንዴ? ቀዳሚዎቹ እኛ ነን እያልን ስንፎክር ከርመን? ካማረህ ወደ ጎማህ ተመለስ!"

በማግስቱ ዲጋምባር በቀጥታ ስርጭት ቆመ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከአፉ ከወጣች ማንም አይመልሳትም። አፉን ከፈተ፤ ስለ መንገድ ጥገና አወራ፣ እንደ ልማዱ የራሱን ስም ጠርቶ ጨረሰ። አፈር ያስበላውና፣ ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ? ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ሎኽን ቂም አያውቅም፤ ለሠርጉ ራሱ መጥቶ ጠራው። መቅረት ደግሞ የባሰ ነውር ነው፤ ሄደ። ሴቶቹ ሙሽራዋን ከበው እርድ ይቀባሉ፣ ይዘፍናሉ። ፑልማቲ ከአጥሩ ውጪ ቆማለች።

"እማዬ፣ ነይ እንጂ!" አለች ልጅቷ።

ፑልማቲ አልገባም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ዲጋምባርን ስታየው እንኳ አልተቆጣችም፣ አንገቷን ደፋች። እሷ! ማፈር የነበረበት እያለ።

ያኔ የሠፈሩ ሽማግሌ ወንበር ይዘው እየተጣደፉ መጡ። "እንዴት እንግዳችን ይቆማል! ከፊት ነው እንጂ የሚቀመጡት!"

ዲጋምባር ተቀመጠ።